የምንበላበት ሰዓት የማን ነው?

በየኅብረታችን ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች እየበዙ ነው። አንዳንዶቻችሁ ገና ሳይነጋ ተነሥታችሁ ትሮጣላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ከሥራ ወይም ከትምህርት በኋላ ጂም ትገባላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ ትጫወታላችሁ። ስለዚህ ከፕሮግራም በኋላ ሻይ እየጠጣን ከምናነሣቸው ጥያቄዎች መካከል እነዚህ አይጠፉም። «ከስፖርት በፊት ይበላል ወይስ አይበላም?» «ሠርቼ እንደጨረስኩ ወዲያው ፕሮቲን ካልወሰድኩ ልፋቴ ከንቱ ነው?» «በጾም ቀን ልሩጥ ወይስ ልተው?»

እንዲህ ያለው ጥያቄ ለመንፈሳዊ መጽሔት አይመጥንም የሚል ይኖር ይሆናል። ለነፍስ የሚጠቅመውን ትተን ስለ ሙዝና ስለ እንቁላል እናውራ? ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱሳችንን ስንገልጥ ስለ መብላት የሚናገረው ብዛት ያስገርማል። ማን በላ፣ መቼ በላ፣ ማን ሳይበላ ቀረ፣ ማን ሌላውን ሳይጠብቅ በላ የሚለው ነገር ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ይመላለሳል። «ምን ልብላ? መቼ ልብላ?» ከሚለው ጥያቄ ሥር ሌላ ጥያቄ ተቀምጧል፤ ይህ ሰውነት የማን ነው? ሰዓቱስ የማን ነው?

በዚህ ጽሑፍ ልላችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እግዚአብሔር ሰውነታችንን የሠራው በመብላት፣ በመድከምና በማረፍ ሥርዓት ስለሆነ፣ ይህን ሥርዓት ማወቅና ማክበር ይገባናል። ሥርዓቱ የተሰጠን ግን ልናገለግልበት ነው፤ ልናመልከው አይደለም። እያገለገልንበት ይሁን እያመለክነው የሚለየው ደግሞ በመስተዋት ፊት ሳይሆን በማዕድ ዙሪያ ነው።

ሳኦል የከለከለው ማር

በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 14 ላይ ስለ ምግብና ስለ ድካም የሚናገር ታሪክ አለ። እስራኤል ከፍልስጥኤማውያን ጋር ሊዋጋ በወጣበት ቀን ንጉሡ ሳኦል ሠራዊቱን አማለ፤ እስከ ማታ ድረስ፣ ጠላቶቼን እስክበቀል ድረስ፣ እህል የሚቀምስ የተረገመ ይሁን አለ። ላይ ላዩን ሲታይ መሐላው መንፈሳዊ ይመስላል። ጾም አለበት፤ ቆራጥነትም አለበት።

ሠራዊቱ ወደ ዱር ገባ። በምድሩ ላይ ማር ይፈስስ ነበር፤ መሐላውን ስለፈሩ ግን እጁን ወደ አፉ ያደረገ አንድም አልነበረም። የንጉሡ ልጅ ዮናታን ግን መሐላው ሲነገር አልሰማም ነበርና የበትሩን ጫፍ ወደ ማሩ ሰፈፍ ነክሮ ቀመሰ። መጽሐፉም ዓይኑ እንደበራ ይነግረናል። ነገሩን ሲነግሩት ዮናታን የመለሰው መልስ ግልጽ ነበር፤ አባቴ ምድሪቱን አስጨነቀ፤ ሕዝቡ ከምርኮው በልቶ ቢሆን ኖሮ ድሉ እንዴት ይበልጥ ነበር አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ሕዝቡ ከማክማስ እስከ ኤሎን ድረስ ሲዋጋ ውሎ እጅግ ደከመ። ማታ ሲሆን በምርኮው ላይ ተጣደፈ፤ በጉንና በሬውን በምድር ላይ እያረደ ከነደሙ በላ። የሰው ሠራሹን መሐላ ቀኑን ሙሉ የጠበቀ ሕዝብ ማታ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ተላለፈ። ቀኑን ሙሉ በከንቱ የተራበ ሰው ማታ ራሱን መግዛት አቃተው።

ይህ ነገር ዛሬም በመካከላችን ይታያል። ቁርስ ሳይበላ፣ ምሳ ሳይቀምስ ውሎ ጂም የሚገባ፣ ከዚያም ሌሊት በማቀዝቀዣው በር ፊት ቆሞ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ወጣት ጥቂት አይደለም። በማግስቱ ራሱን «ዲሲፕሊን የለኝም» ብሎ ይከስሳል። ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው ዲሲፕሊን አይደለም፤ የሳኦል ዓይነት መሐላ ነው የበዛው። እግዚአብሔር ያላዘዘንን ሸክም በራሳችን ላይ ጭነን ስንወድቅ፣ ውድቀቱን የመንፈስ ድካም እንለዋለን።

ከሳኦል መሐላ ጋር የኤልያስን ታሪክ አስተያዩ (1ኛ ነገሥት 18 እና 19)። ኤልያስ ከቀርሜሎስ ተራራ በኋላ እስከ ኢይዝራኤል ድረስ በአክዓብ ሠረገላ ፊት ሮጠ። ከዚያ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦም ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ለዚህ የዛለ ነቢይ መጀመሪያ የላከለት ተግሣጽን አይደለም፤ ስብከትንም አይደለም። በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ አለው። በዚያ ምግብ ኃይል እስከ ኮሬብ ድረስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄደ። ከረጅም መንገድ በፊት መብላት የመልአክ ምክር ነበር።

ሰውነት የተሠራበት ሥርዓት

እንግዲህ ሥርዓቱን ማክበር ካለብን ማወቅም አለብን። ነገሩ ሰዎች እንደሚያወሳስቡት አይደለም።

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝ ስንበላ ሰውነታችን ስኳሩን ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጡንቻና በጉበት ውስጥ ያከማቻል። በጡንቻ ውስጥ እንደ ሰውነታችን መጠን ከ300 እስከ 500 ግራም፣ በጉበት ውስጥ ወደ 100 ግራም ሊከማች ይችላል። በ1960ዎቹ የስዊድን ተመራማሪዎች በመርፌ ከጡንቻ ጥቂት ናሙና እየወሰዱ ይህን አጠኑ፤ ብዙ ግላይኮጅን ያከማቸ ሰው ብስክሌት እየነዳ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እንደሚችልም አሳዩ። ብዙ የማራቶን ሯጮች ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እግራቸው እንደ ድንጋይ የሚከብደው ይህ ክምችት እያለቀ ስለሚሄድ ነው። የዮናታን ዓይን በጥቂት ማር ለምን እንደበራ አሁን መገመት አያቅትም። ማር ወደ ደም ቶሎ የሚገባ ስኳር ነው።

እንግዲህ መቼ እንብላ? ዋናው ምግብ ከከባድ ስፖርት ከ3 እስከ 4 ሰዓታት ቀደም ብሎ ቢሆን መልካም ነው። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ሩዝ ወይም ፓስታ በአትክልት ይበቃል። ይህን ያህል ጊዜ ከሌላችሁ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀር ቀለል ያለ ነገር ቅመሱ፤ ሙዝ፣ ቁራሽ ዳቦ በማር፣ ወይም በውኃ የተበጠበጠ በሶ። አባቶቻችን ለረጅም መንገድ በሶ ሲሰንቁ የምግብ ሳይንስ አልተማሩም፤ ነገር ግን በሶ ቀላል፣ የማይበላሽና ኃይል የሚሰጥ ስንቅ መሆኑን በእግራቸው ተምረዋል።

ቅባትና ፋይበር የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም። ስለዚህ ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ በልቶ ወዲያው መሮጥ ዶሮውንም ሩጫውንም ማበላሸት ነው። ሽንብራና ባቄላም ሆድን ሊነፉ ስለሚችሉ ለሌላ ሰዓት አቆዩአቸው።

ጠዋት ሳይበሉ መሮጥስ? ሌሊት የሚቀንሰው በዋናነት የጉበት ክምችት ነው፤ የጡንቻው አብዛኛው ይቆያል። ስለዚህ ጤናማ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል በቀስታ ቢሮጥ ውኃ ጠጥቶ መውጣት ይበቃዋል። ከባድ ወይም ረጅም ልምምድ ከሆነ ግን ጥቂት ነገር መቅመስ ያስፈልጋል። ከአንድ ሰዓት ለሚያንስ ልምምድ በመካከሉ ምግብ አያስፈልግም። ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት የሚሄድ ሯጭ ግን በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም የሚሆን ስኳር ሰጪ ምግብ ይጠቅመዋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም አለው።

ፕሮቲንን በተመለከተ አዘውትሮ ስፖርት የሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.2 እስከ 2 ግራም እንዲያገኝ ይመከራል። 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ከ72 እስከ 120 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ወደ 18 ግራም አለው። ጤፍና ምስር፣ ስንዴና ሽሮ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። የእናቶቻችን ምጣድና ድስት ያለ ውድ ዱቄት አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። የፕሮቲን ዱቄት መግዛት ኃጢአት ነው አልልም፤ ለዱቄት የምታወጡትን ግን ከአሥራታችሁና ለቤተሰብ ከምትሰጡት ጋር አንድ ቀን አጠገብ ለአጠገብ ጻፉት። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

አሁን ብዙዎቻችሁን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ቀረ። ከስፖርት በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልበላን ልፋታችን ይጠፋል? አይጠፋም። ሰውነት ከስፖርት በኋላ ምግብን በደንብ የሚቀበልበት ጊዜ በርካታ ሰዓታትን የሚሸፍን ነው፤ በተለይ ከስፖርቱ በፊት የበላ ሰው የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ከደቂቃዎቹ ይልቅ በጠቅላላ በቀኑ የበላችሁት ነው የሚወስነው። መቸኮል የሚያስፈልገው በዚያው ቀን ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ እንደገና ከባድ ልምምድ ለሚጠብቀው ሰው ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሆድ አምላክ የሚሆነው መቼ ነው?

ከመንገዱ አንድ ጎን የሳኦል መሐላ አለ፤ ሰውነትን የሚንቅ ሃይማኖት። ከሌላው ጎን ደግሞ ሌላ ገደል አለ። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ሆዳቸው አምላካቸው ስለሆነባቸው ሰዎች እያለቀሰ ይናገራል (ፊልጵ. 3፥18-19)። ይህን ስናነብ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ሆዱ የተቆዘረ፣ ሲበላ የሚውል ሰው ነው። ነገር ግን ሆዱ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ሆዱ አምላኩ የሆነ ሰውም አለ። ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ስለ ምግቡ ነው። ይመዝናል፣ ይቆጥራል፣ ፎቶ ያነሣል። አንድ ቀን ካጓደለ ይጨነቃል፤ ካላጓደለ ያላደረጉትን ይንቃል። አምልኮ ማለት ልባችን የሚያርፍበት፣ የምንሠዋለትና የምንፈራው ነገር ከሆነ፣ ይህም አምልኮ ነው።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሰውነት ልምምድ ጥቂት ጥቅም እንዳለው፣ እግዚአብሔርን መምሰል ግን ለሁሉ እንደሚጠቅም ይናገራል (1ኛ ጢሞ. 4፥8)። ጥቂት ማለት ምንም ማለት አይደለም። ሁሉም ነገር ማለትም አይደለም። ጥቂት ጥቅም ያለውን ነገር በጥቂት ጭንቀት መያዝ ጥበብ ነው።

እዚህ ላይ ለእህቶቼ አንድ ቃል ልጨምር፤ ወንድሞችም ስሙት። ብዙ እየሠሩ ጥቂት መብላት ሲቆይ ሰውነትን ይጎዳል። የወር አበባ መቋረጥ፣ ቶሎ ቶሎ መድከም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የአጥንት መሳሳትና መሰንጠቅ ምልክቶቹ ናቸው። በወንዶችም ላይ በሌላ መልክ ይታያል። ከምግብ ጋር እንዲህ ያለ ትግል ውስጥ ያለ ሰው ካለ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ በብቻ የሚሸከሙትም አይደለም። ለምታምኑት ታላቅ ንገሩ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። የሚጸልይላችሁ ሰውና የሚያክማችሁ ሰው እርስ በርስ አይጣሉም።

ጾምና ስፖርት

ትግሉ አንዳንድ ጊዜ ጾም በሚል ስም ይሸፈናል። ክብደት ለመቀነስ በየተወሰነ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ለጤናማ ሰው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ጾም አትበሉት። ጾም ፊቱ ወደ እግዚአብሔር ነው፤ ያኛው ፊቱ ወደ ሚዛኑ ነው። ጌታችን በተራራው ስብከት ስለ ጾም ሲያስተምር ለማን ብለን እንደምንጾም ነው የጠየቀን (ማቴ. 6፥16-18)። ለሰው ዓይን የጾመ ዋጋውን ተቀብሏል። ለመስተዋቱ የጾመም እንዲሁ።

ታዲያ የጸሎትና የጾም ቀን ስትይዙ ከባድ ልምምዱን ተዉት። በጾም ቀን ከባድ ብረት አንሥቶ መውደቅ ጀግንነት አይደለም። ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል፤ ውኃ የምትጠጡበት ጾም ከሆነም በደንብ ጠጡ። የልምምዱን ሰዓትና የምግቡን ሰዓት ደምራችሁ ለጸሎት ስጡ፤ ጾም ማለት ይኸው ነውና። ከረጅም ጾም ስትወጡ በጥቂቱ፣ ለሆድ በሚቀል ምግብ ጀምሩ፤ በዚያው ቀን ወደ ከባድ ስፖርት አትሩጡ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ወይም ከምግብ ጋር የታገላችሁ ከሆነ ከመጾማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። እግዚአብሔር ልባችሁን ይፈልጋል፤ ራሳችሁን ስታችሁ እንድትወድቁ አይፈልግም።

የሚጠብቅ ማዕድ

አሁን ወደ ቆሮንቶስ እንሂድ። ቆሮንቶስ የስፖርት አገር ነበረች። በአቅራቢያዋ የኢስትሚያ ጨዋታዎች በየሁለት ዓመቱ ይካሄዱ ነበር፤ አሸናፊውም የሚደርቅ የቅጠል አክሊል ይቀዳጅ ነበር። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 ስለሚሮጡና ስለሚታገሉ ሰዎች፣ ስለሚጠፋው አክሊልም ሲጽፍ አንባቢዎቹ የሚያውቁትን ነገር ነበር የነገራቸው።

ይህን መልእክት ከምዕራፍ 6 እስከ 11 ድረስ በአንድ ቁጭታ አንብቡት። በምዕራፍ 6 ሰውነታችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ይላል። በምዕራፍ 9 እንደ ሯጭ ሰውነቱን እንደሚጎስም ይናገራል። በምዕራፍ 10 መብላታችንና መጠጣታችን እንኳ ለእግዚአብሔር ክብር እንዲሆን ያዝዛል። ብዙ የክርስቲያን ስፖርተኞች እነዚህን ሦስቱን ያውቃሉ፤ በጂም ልብሳቸው ላይ የሚያሳትሙም አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ምዕራፍ 11 ይመጣል።

በቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለጌታ እራት ሲሰበሰቡ እያንዳንዱ የራሱን እራት ቀድሞ ይበላ ነበር። አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል። ቀድመው የሚደርሱት ጊዜ ያላቸው፣ ዘግይተው የሚደርሱት ደግሞ የሰው ሥራ ሲሠሩ የዋሉ ድሆችና ባሪያዎች እንደነበሩ መገመት ይቻላል። ሐዋርያው ይህን ሲሰማ አላመሰገናቸውም። የጌታን እራት መብላት አይደለም አላቸው። በመጨረሻም የሰጣቸው መመሪያ በጣም ቀላል ነው፤ ለመብላት ስትሰበሰቡ ተጠባበቁ፤ የራበው ካለ በቤቱ ይቅመስ (11፥33-34)።

ልብ አላችሁ? የመመሪያው ጉዳይ የምግብ ሰዓት ነው! ስለ ሯጩ ሰውነት በምዕራፍ 9 የጻፈው ያው ብዕር፣ ሰውነትን መግዛት ማለት ወንድምን መጠበቅ እስከ መቻል እንደሆነ በምዕራፍ 11 ይነግረናል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ አሁን አንሡት። ከስፖርት በኋላ ያለው የመብያ ጊዜ ሰፊ ነው ብለናል። እንግዲያውስ ከጂም ስትመለሱ እናታችሁ እራት እያቀረቡ ከሆነ፣ አባታችሁም ከሥራ እየመጡ ከሆነ፣ «የፕሮቲን ሰዓቴ አለፈብኝ» ብላችሁ ክፍላችሁ ገብታችሁ ለብቻችሁ የምትበሉበት ምክንያት የለም። አንድ ሙዝ ወይም አንድ ብርጭቆ ወተት ቅመሱ፤ ከዚያ ጠብቁ። ጳውሎስም የራበው በቤቱ ይቅመስ ማለቱ ለመጠበቅ አቅም እንዲኖረው ነው። ፈጣሪያችን ሰውነታችንን ሲሠራ ወንድም እስኪመጣ የሚያስጠብቅ ትዕግሥት በውስጡ አስቀምጧል። ያንን ትዕግሥት ለፍቅር ካልተጠቀምንበት ለምን ልንጠቀምበት ነው?

በባህላችን ከአንድ ገበታ መብላት ቀላል ነገር አይደለም። የጎረሰ ሰው ማጉረስም ይገባዋል። «እኔ ይህን አልበላም» ማለት አንዳንድ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ለጤናው የተከለከለ ሰው በግድ ሊጎርስ አይገባም። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ፣ ያዘነች እናት ባቀረበችው ንፍሮ ፊት ስለ ካርቦሃይድሬት ማስላት ዕውቀት ሳይሆን ድንቁርና ነው። አንድ ቀን ከፕሮግራማችሁ ውጭ መብላት ጡንቻችሁን አያፈርስም። ከሐዘንተኛ ጋር አለመብላት ግን አንድ ነገር ያፈርሳል። ሥርዓትን የተማረ ሰው ሥርዓቱን ለፍቅር ሲል መልቀቅ ከቻለ ያን ጊዜ ነፃ ነው። መልቀቅ ካልቻለ ግን ሥርዓቱ ገዝቶታል።

ሳይበላ የሚደክመው

አንድ ነገር ሳልናገር ብጨርስ ሕሊናዬ አያርፍም። ምን ልብላ፣ መቼ ልብላ ብሎ መምረጥ ራሱ የጠገበ ሰው ጥያቄ ነው። በከተማችን ጂሙ ካለበት ሕንጻ አጠገብ ሌላ ሕንጻ ይሠራል። እዚያ ሲሚንቶና አሸዋ ተሸክሞ ደረጃ ለደረጃ የሚወጣ ወጣት አለ። እናንተ በአንድ ሰዓት የምትሠሩትን እሱ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራዋል። ጡንቻው የሚጠይቀው የእናንተ ጡንቻ የሚጠይቀውን ነው፤ ግላይኮጅን ለእሱም ያልቃል፤ ፕሮቲን ለእሱም ያስፈልገዋል። ግን ጠዋት በሻይ ብቻ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም የቀረበ ሰው አለ። በቤታችሁ እንቁላላችሁን የምትቀቅለው ልጅ ቁርሷን የምትበላው መቼ ነው? ልብስ አጥባ፣ ቤት ጠርጋ፣ ውኃ ተሸክማ፣ ሁሉ በልቶ ካበቃ በኋላ የተረፈውን ከሆነ፣ በቤታችሁ ውስጥ ያለ ምግብ ከባድ ስፖርት የምትሠራ አንዲት ሰው አለች ማለት ነው። የስፖርት ማሊያ ስለማትለብስ ግን ማንም ስፖርተኛ አይላትም።

በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9፣ ስለ ሯጩ ከሚናገረው ክፍል ቀደም ብሎ፣ ጳውሎስ አንድ የሙሴ ሕግ ይጠቅሳል (9፥9)። እህል የሚያበራየውን በሬ አፉን ማሰር ተከልክሏል፤ የሚደክም እየደከመ ይብላ። ጳውሎስ ይህን ለወንጌል ሠራተኞች ሲል አመጣው። ለበሬ የተጠነቀቀ አምላክ በግንባታ ቦታ ላለው ወጣት፣ በጓዳችን ላለችው እህት አይጠነቀቅም ማለት ግን አይቻልም። ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 ሕዝቡን ሲወቅስ፣ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ ይላል፤ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነም ይነግራቸዋል።

ስለዚህ ስለ ምግብና ስለ ስፖርት የተማራችሁትን ዕውቀት ለራሳችሁ ብቻ አትያዙት። ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው ከሥራው በፊት መብላት እንዳለበት ካወቃችሁ፣ ያቺ ልጅ ቁርሷን ከእናንተ ጋር፣ ከእናንተ ገበታ እንድትበላ ወላጆቻችሁን በአክብሮት ጠይቁ። የኳስ ቡድናችሁ ቅዳሜ ሲሰበሰብ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ ካለ፣ እሱን ሳታሳፍሩ ለሁሉም ሙዝና ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ። ለቡድን የሆነ ነገር ማንንም አያሸማቅቅም። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን ሰውነታችንን ቤተ መቅደስ ብለን ስንጠራ የምንዋሽ እንዳንሆን ያደርጉናል። በቤተ መቅደስ በር ላይ የተራበ ተቀምጦ ውስጡን ብቻ ማስጌጥ የቆየ ኃጢአት ነው።

እንግዲህ ብሉ፤ በጊዜውም ብሉ። ሩጡ፣ ብረት አንሡ፣ ኳስ ተጫወቱ። ከሩጫ በፊት ማሩን ቅመሱ፤ ዓይናችሁ ይብራ። ዓይን የሚበራው ግን ለማየት ነውና፣ በማዕዱ ዙሪያ ገና ያልደረሰውን፣ የዘገየውን፣ በጓዳ የቀረውንም እዩ። እስኪመጣም ጠብቁት። ሰዓቱ የጌታ ከሆነ ለወንድማችንና ለእህታችን የሚተርፍ ጊዜ ሁልጊዜ አለበት።

በኅብረታችሁ ተወያዩበት

1. 1ኛ ሳሙኤል 14፥24-46ን አንብቡ። ዛሬ በራሳችን ላይ የምንጭናቸው «የሳኦል መሐላዎች» የትኞቹ ናቸው?

2. ጾምን ከክብደት መቀነሻ የሚለየው ምንድን ነው? ልባችን ሲያታልለን በምን እናውቃለን?

3. ስለ ጤና ብለን «አልበላም» ማለት የሚገባን መቼ ነው? ስለ ፍቅር ብለን ከፕሮግራማችን ውጭ መብላት የሚገባንስ መቼ ነው?

4. በቤታችን፣ በሰፈራችን ወይም በኅብረታችን ሳይበላ የሚደክም ማን አለ? በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?